ማሽላ የሌለበት ጅጌ

ሰው እባብ አይቶ ይደነግጣል፤ ጅብ አይቶም ይደነግጣል። እኔ የደነገጥሁት ባዶ ጀሪካን አይቼ ነው። ለዚያውም ትንሽዬ፣ ቢጫ፣ ዘይት የነበረባት፣ ከበሩ ጀርባ ቀጥ ብላ የቆመች ጀሪካን። ቤት ስጠርግ መጥረጊያው ነካትና ወደቀች፤ ስትወድቅ ማንገቻዋን አየሁት። ከአሮጌው ሻርፔ ተቀድዶ፣ ተገምዶ፣ ጫፍና ጫፉ ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ ማንገቻ። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አልሁ።

የሌላ አገር ሰው «ታዲያ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። የራያ ሰው አይልም። እኛ ዘንድ ጀሪካን በእጅ ይያዛል፣ በአህያ ይጫናል፣ በጀርባ ይታዘላል። በትከሻ የምትንጠለጠል፣ እጅን ነፃ የምትለቅ፣ ለሩቅ መንገድ የተሰናዳች ጀሪካን ግን ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ የአፋርን በረሃ በእግር ማቋረጥ። ከበረሃው ወዲያ ባሕር፣ ከባሕሩ ወዲያ የመን፣ ከየመን ወዲያ ሳዑዲ። ስንቱ ልጅ በዚያ መንገድ ሄዶ «ደረስሁ» ብሎ ደውሏል። ስንቱ ደግሞ እስካሁን አልደወለም።

ልጄ ሰዓዳ ውጭ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ሰዓዳ፣ ይቺ ጀሪካን የምንድን ናት?»

«የውሃ ናት እማየ።»

«ማንገቻዋስ?»

«እጄን እንዳይቆርጠኝ ነዋ።»

ቧንቧው ያለው ከበራችን ፊት ለፊት ነው። እግሬን ዘርግቼ ብቀመጥ በጣቴ ልነካው እችላለሁ። በዚያች መንገድ እጅ የሚቆርጥ ውሃ እኔ አላየሁም።

ምልክቱ ለካ ቀደም ብሎም ነበር፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልሁት። በቆቦ ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ከአጥር ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ የሚሻገረው ሮጦ ነው። ልጄ ግን ሰሞኑን በቀትር «ትንሽ ልራመድ» እያለች መውጣት ጀምራ ነበር። እኔ ሞኟ «የወደደችው ልጅ ሳይኖር አይቀርም» ብዬ በሆዴ ደስ ብሎኝ፣ ምን አማች እንደሚሆነኝ ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ለካ ፀሐይ እየተለማመደች ነው።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሻትም?» እንዳትሉኝ። አንዲት ጎረቤቴ ልጇ የመንገድ ጫማ ስትገዛ አየቻትና «ገደልሽኝ!» ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። ልጅቷም አብራት አለቀሰች፣ «ወላሂ ቀርቻለሁ» ብላ ማለች። ሲነጋ የለችም። እንዲህ ያለ ነገር እንደ ንብ ቀፎ ነው፤ እየጮሁ አይጠጉትም። ስለዚህ አፌን ዘግቼ ጀሪካኗን ከቦታዋ መልሼ አቆምኋት። አቧራዋንም በቀሚሴ ጠረግሁላት። የፈራ ሰው የሚሠራውን መች ያውቃል?

በሽታውን ግን አውቀዋለሁ። ልጄን ወደ በረሃ የሚገፋት ሥራ ማጣት ነው።

እኛ ከሮቢት ወዲያ ካለ ገጠር ነን። እኔ ከትምህርት ጋር የተለያየሁት ከሦስተኛ ክፍል ነው፤ ተጣልተን አይደለም፣ የጠፋች ፍየል ልፈልግ ወጥቼ በዚያው ቀረሁ። ሰዓዳ ግን ለሁለታችን የሚሆን ተማረች። ኮምፒውተር አጥንታ ስትጨርስ «እማየ፣ ከተማ እንግባ፤ ገጠር ኮምፒውተር የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የከብት ሐኪም ከብት ካለበት ነው የሚሄደው። አባቷ አኸራ ከሄደ ቆይቷል፤ ያለችኝ እሷው ናት። መሬታችንን ለአባቷ ታላቅ ወንድም ለአያ ሙሄ ትተን ቆቦ ገባንና ከእት ብርቄ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። እኔ ከግቢው በር ላይ ጆንያ አንጥፌ ቲማቲምና ሽንኩርት ያዝሁ።

ከሮቢት ቆቦ በመኪና እንቅልፍ እንኳ የማያስይዝ መንገድ ነው። ለኔ ግን ሌላ ዓለም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እንደ አገሬ ወግ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ ሰላም እያልሁ፣ ገበያ ሳልደርስ ገበያው ይበተንብኝ ነበር።

የልጄ ሥራ ቴክኒካል ሰፖርት ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት «ኮምፒውተር እምቢ ሲል፣ ፕሪንተር ሲያኮርፍ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠሩኝ ማለት ነው» አለችኝ። ገባኝ፤ ወጌሻ ማለት ነው። ወጌሻ ደግሞ ባገራችን ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ሰው መውደቁን አይተውማ። «አብሽሪ! በሳምንቱ ደጃችን በሰው ይሞላል» አልኋት።

ሳምንቱ ሳምንት ወለደ፤ ደጃችንን የሞላው ዝንብ ነው፣ እሱም ለቲማቲሙ ብሎ።

መጀመሪያ የሄደችበት መሥሪያ ቤት እኔም ተከትያት ሄድሁ። ዘበኛው በር ላይ አቆመን።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ልጄ የኮምፒውተር ወጌሻ ናት» አልሁት።

«ወጌሻዋስ መልካም ነበር፤ የሌለው ኮምፒውተሩ ነው። በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ጠራርገው ወሰዱት። የተረፈልን ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛ ታሻለች?»

ሌላ ቦታ ደግሞ ኮምፒውተሩ አለ፤ እነሱ የሚፈልጉት የሥራ ልምድ ነው። «ልምድ ከየት ነው የሚመጣው?» አልኋት ሰዓዳን። «ከሥራ።» «ሥራውስ?» «ከልምድ።» አጃኢብ! ይኼ እኮ «ሌላ ባል ፈትተሽ ካልመጣሽ አላገባሽም» እንደሚል ወንድ ነው።

ከዚያ መንገድ ዳር ጥላ ዘርግተው ሞባይል ከሚጠግኑ ልጆች ዘንድ ሄደች። ከእግር እስከ ራሷ አይተዋት ተሳሳቁና አንዱ «እህቴ፣ መጠገኑን ለኛ ተይውና ሻይ ብታፈይልን ደንበኛ እናመጣልሻለን» አላት። እሷም «ሻዩ የተበላሸባችሁ ዕለት ጥሩኝ» ብላው መጣች። መልሷን ስትነግረኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ጫማዋን አውልቃ ቀስ አድርጋ፣ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። እዚያ ላይ ነበር መፍራት የነበረብኝ። ጫማውን የሚወረውር ሰው ገና ተስፋ አለው።

ጀሪካኗን ካየሁ በኋላ ዘመቻውን እኔ ያዝሁት። ቲማቲም ስመዝን «ኮምፒውተራችሁስ እንዴት አደረ?» እላለሁ። አንድ መምህር «ምነው፣ ምን ሰማሽ?» ብሎ ሽንኩርቱን ጥሎ ሊሮጥ ነበር። አንዷ ደግሞ «ኮምፒውተርስ የለንም፤ ባሌ ግን ወገቡን ይዞታል፤ ወጌሻዋ እሱን አታይልኝም?» አለችኝ። ለልጄ ሥራ ፍለጋ ወጥቼ የሰው ባል ላሳሻት!

አንድ ቀን ከቤታችን ጀርባ የሰዓዳን ድምፅ ሰማሁ። በስልክ ነው፤ በሹክሹክታ ነው። «እሺ... ሐሙስ፣ ከዙህር ሰላት በኋላ... መናኸሪያው ጋ... አዎ፣ ውሃ መያዣ አለኝ... አይ፣ እናቴ አታውቅም።»

እናቷ አታውቅም! እናቷ አንድ እቅፍ ሽንኩርት ይዛ እንደ እንሽላሊት ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

ሐሙስ ቅርብ ነበር። ያን ዕለት ሰላት ላይ እጄን ዘርግቼ «ያረቢ፣ አንዲት ኮምፒውተር አሳምምልኝ። ብዙም አትጉዳት፤ ልጄን የምታስጠራ ያህል ብቻ» ብዬ ለመንሁ። ከለመንሁ በኋላ ደግሞ ፈራሁ። የሰው ንብረት እንዲታመም ዱአ ማድረግ ወንጀል ቢሆንስ? የሰፈራችንን ሸህ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ዕቃው የማን ነው?» አሉኝ።

«የመንግሥት ቢሆን ብዬ ነበር።»

«እሱስ አንቺ ዱአ ሳታደርጊም ይበላሻል። ይልቅ ለልጅሽ መልካሙን ለምኚ።»

ምክራቸውን ይዤ ስመለስ፣ ገና ጆንያዬ ላይ ሳልቀመጥ፣ ሄዶ የነበረው መብራት መጣ። አመጣጡ ግን የደህና አልነበረም። ጉልበት ጨምሮ መጣ። የእት ብርቄ አምፖል እንደ ፀሐይ ቦግ ብሎ ጠፋ። ቀጥሎ ከውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፣ ቀጥሎ እት ብርቄ ራሷ።

«ቴሌቪዥኔ! ኧረ ቴሌቪዥኔ!»

ከማዶ ጁስ ቤቱ «ፍሪጄ!» ይላል፤ ከወዲህ ሌላው «ስልኬ ቻርጅ ላይ ነበር!» ይላል። ሰፈሩ ለቅሶ ቤት ሆነ። እኔ ሻርፔን ተከናንቤ ከቲማቲሙ ጀርባ ተደበቅሁ። «ያረቢ፣ አንዲት ነው እኮ ያልሁህ!»

ፍርሃቱ ቀለል ሲልልኝ ደግሞ በሆዴ ደስታ ቢጤ መጣ፤ አሁን ልጄን የሚጠራት አይጠፋም አልሁ። የጠራት ግን የለም። ሁሉም «ወልድያ እወስደዋለሁ»፣ «አላማጣ አሠራዋለሁ» ይላል። እት ብርቄ እንኳ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ እያለን፣ «ሰዓዳ ጎበዝ ናት፤ ግን ለቴሌቪዥን የሚሆን ሰው ልፈልግ» አለችኝ። ያን ጊዜ አልቻልሁም። ጎትቼ ከቤት አስገባኋትና ጀሪካኗን አሳየኋት፤ ሐሙስንም ነገርኋት።

እት ብርቄ አማተበች። «በስመ አብ! ምን ልታደርጊ ነው ታዲያ?»

ምን እንደማደርግ የነገረኝ መንገዱ ነው። ኅዳር ነበር፤ ማሽላው ደርሷል። ማጭድ የያዙ ሰዎች እየዘፈኑ ወደ እርሻ ሲያልፉ አየኋቸው። ጅጌ ነው። እኛ ዘንድ ሥራ የበዛበት ሰው ጅጌ ይጠራል፤ የተጠራው መሣሪያውን ይዞ ይመጣና ሥራው እስኪያልቅ አብሮ ይሠራል፤ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል። ተጠርቶ የሚቀር የለም። ባለ ጅጌውም ሥራው ሳያልቅ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ የጠራውን ሰው ጥሎ የሄደ ባለ ጅጌ ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሳል።

ሥራ የበዛበት ሰው ከጠራ፣ ሥራ ያጣ ሰውስ ለምን አይጠራም? ለዚያውም ሐሙስ!

ለአንድ የባጃጅ ልጅ «ሮቢት ስትደርስ አያ ሙሄን፣ ሐሙስ በሰዓዳ ስም ጅጌ ተጠርቷል፣ ቆቦ ኑ በላቸው» አልሁት። የምን ጅጌ እንደሆነ ሳልነግረው ቀረሁ። አለመማር ክፉ ነው አይደል? በኅዳር ጅጌ ተብሎ «የምን?» ብሎ የሚጠይቅ የራያ ሰው እንደሌለ ግን ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር። ለሰዓዳ «ለአባትሽ ሰደቃ ላወጣ ነው» አልኋት። እሷም ዓይኗን ከኔ ሰበር አድርጋ «ጥሩ ነው እማየ፤ በልቼ...» አለችና ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ተወችው። እኔም እንዳልሰማ ሆንሁ። ሁለታችንም አንዳችን ላንዳችን ቲያትር እየሠራን ነበር።

የሐሙስ ጠዋት ከአስፋልቱ ወዲህ ዘፈን ተሰማ። አያ ሙሄ ከፊት፣ ከኋላቸው ማጭድ የያዘ ሠራዊት። የባጃጅ ሹፌሮች መንገድ ለቀቁላቸው፤ አንዳንድ ሰውም ሱቁን ዘጋ። ዘፈኑ እየጮኸ መጥቶ ከእት ብርቄ ግቢ ሲገባ ቀጥ አለ። ፊት ለፊታቸው ያለው አንድ የኒም ዛፍ፣ አንድ ቧንቧና የተሰጣ ልብስ ነው።

«ማሽላው የታለ?» አሉ አያ ሙሄ።

«ማሽላ የለም፣ አያ ሙሄ።»

«ጤፍ ነው እንዴ?»

«ጤፍም የለም።»

«ታዲያ በመኪና ጣራ ተጭነን የመጣነው ምን ልናጭድ ነው?»

«የእት ብርቄን ጎመን እንጨደው!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ሞክራት እስቲ!» አለች እት ብርቄ፣ ማማሰያዋን ይዛ።

ሳቁ መሀል ሰዓዳ ከክፍላችን ወጣች። ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ አስራለች፤ ጫማዋን አጥብቃለች። ሰው ሁሉ «ባለ ጅጌዋ! ባለ ጅጌዋ መጣች!» አላት። እሷ ወደኔ ዞረች። ያቺን አስተያየት እስክሞት አልረሳትም።

አያ ሙሄን ወደ ዛፉ ሥር ወስጄ በጆሯቸው ነገርኋቸው። በሩ ክፍት ነበርና ጀሪካኗ ትታያለች። ትክ ብለው አዩዋት። የራሳቸው ልጅ በዚያ መንገድ ከሄዱት፣ ካልደወሉት አንዱ ነው። ከዚያ በትራቸውን መሬት መቱ።

«ስሙኝ! ጅጌ ጅጌ ነው። ሳይሠራ የበላ ጅጌ ሌባ ነው። ሥራ ከሌለ ሥራ አምጡ! ይቺ ልጅ የተበላሸ ታድናለች። ቆቦ ውስጥ የተበላሸ ነገር ይዞ ያልተመለሰ ሰው ቁራሽ አይቀምስም!»

ማጭዱን አጥር ሥር ከመሩና ተበተኑ።

ወገኖቼ፣ ከተማ ስትበረበር አይታችሁ ታውቃላችሁ? በየሱቁ እየገቡ «የተበላሸ ዕቃ አላችሁ?» ይላሉ፤ ባለሱቁ ገና «ኧረ...» ሲል ዕቃው ትከሻ ላይ ነው። ሬዲዮ መጣ፣ ስልክ በጉልት ዘንቢል መጣ፣ የፀጉር ቤት ማሽን መጣ። አንዱ የታመመ በግ ይዞ መጣና «ይኼ አይካተትም?» ብሎ ተመለሰ። የጁስ ቤቱን ፍሪጅ ደግሞ በእት ብርቄ መሰላል ላይ አጋድመው፣ ነጠላ አልብሰው፣ ለአራት ተሸክመው በአስፋልቱ መሀል መጡ። መንገደኛው ቆሞ ከንፈሩን ይመጣል።

«አላህ ያሽረው! ማን ነው?»

«የጁስ ቤቱ ነው።»

«ወይኔ! ምን ሆኖ?»

«ኤሌክትሪክ መትቶት።»

አንዲት ሴትዮ ደረቷን መምታት ጀመረች። ባለ ጁስ ቤቱ ከኋላ እየሮጠ «አለሁ! እኔ አለሁ!» ይላል፤ የሚሰማው የለም።

ሰዓዳ በዕቃ ተከባ ቆመች። «አያ ሙሄ፣ እኔ እኮ የተማርሁት ኮምፒውተር ነው» አለች።

«ልጄ፣ በሬ ያከመ ላም አላይም አይልም። ጅጌው በስምሽ ነው።»

ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሰዉ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ካቻቢቴዋን አወጣች፤ ለመንገድ በተሰናዳው ቦርሳ ውስጥ ካቻቢቴ ይዛ ነበር! በረሃ ላይ ምን ልትፈታበት እንደነበር እስካሁን አልነገረችኝም።

መጀመሪያ የእት ብርቄን ቴሌቪዥን ከፈተች። ከሆዱ አንዲት ትንሽ የተቃጠለች ነገር አውጥታ ከሞተ ሬዲዮ በነቀለችው ሌላ ተካቻትና ሰካችው። ቴሌቪዥኑ ተናገረ። እት ብርቄ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከዚያ ወደኔ መጥታ «የልጅሽን እጅ ስለናቅሁ በአደባባይ እርገሚኝ» አለችኝ። «ድስትሽን ይዘሽ ነይ እንጂ ምን እረግምሻለሁ» አልኋት። የጆንያዬን ቲማቲም በሙሉ ድስት ውስጥ ከተትነው፤ ጎረቤት እንጀራና የሚጠጣ ቃሪቦ አዋጣ።

ስልኮቹ ገሚሶቹ ዳኑ፣ ገሚሶቹ አልዳኑም። ፍሪጁ አልዳነም፤ ኢናሊላሂ። ያን ጊዜ ሸሁ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ አስይዘው ገቡ። ወደኔ ጠጋ አሉና «ዱአሽስ ደርሷል መሰለኝ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ግን የመስጊዱ ማይክ ምን አድርጎሽ ነው?» መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሰዓዳ አንዲት የላላች ሽቦ አገኘችና በሻይ መጠጫ ጊዜ ሠርታ ሰጠቻቸው።

መጨረሻ ላይ ሁለት ጎበዞች ሁለት ትልልቅ ኮምፒውተር ተሸክመው ገቡ። ከመስኖ ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ነው ያመጡት፤ ዘበኛው «ውሰዱት፤ የአቧራ መቀመጫ ነው» ብሏቸዋል። ሰዓዳ ኮምፒውተር ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ሰው አገሩ የገባ ጊዜ እንደሚሆነው ሆነች። አንዱን ብትከፍተው አይጥ ልጆቿን አሳድጋበታለች። «የዚህኛው ልቡ ሞቷል፣ የዚያኛው ኃይል መስጫው ተቃጥሏል» አለችና ከአንዱ አውጥታ ለሌላው ማዛወር ጀመረች። አያ ሙሄ በትኩረት እያዩ «ከሁለት የደከመ በሬ አንድ ጠንካራ ቢወጣ እኛም እርሻ ባልከበደን» አሉ።

ይሄኔ ሸሚዙን ያላበው አንድ ሰው በሩን በርግዶ ገባ።

«የማኅበሩን ኮምፒውተር ማጭድ የያዙ ሰዎች ወሰዱት ተባልሁ! ሌቦቹ የታሉ?»

የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ አበባው ናቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መለሰላቸው፤ ስለዚህ ምንም አልገባቸውም። እት ብርቄ አንድ ብርጭቆ ቃሪቦ በእጃቸው አስጨበጠችና አስቀመጠቻቸው።

ያን ጊዜ አዛን ተጠራ። የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር ነው።

ደግሞ አጠራሩ! ከስንት ጊዜ በኋላ ማጉያው ድኖ፣ ጥርት ብሎ ከቆቦ ዳር እስከ ዳር ተሰማ። ሰዉ «ማሻአላህ፣ የሰዓዳ እጅ!» ይላል። እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ልጄ በገዛ እጇ ባዳነችው ድምፅ ማጉያ የልጄ መሄጃ ሰዓት ተጠራ። ወንዶቹ ሰግደው መጡና ለምሳ ተቀመጡ። ሰዓዳ ቀና አላለችም። አቧራ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ሁለቱን ሽቦ አገናኘችና «እማየ፣ ሰኪልኝ» አለችኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ሰካሁት።

ምንም የለም። ሰው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ከውስጡ እንደ ንብ ያለ ድምፅ መጣ፤ መስታወቱ ሰማያዊ ሆነ፤ ጽሑፍ መጣ። አቶ አበባው ብርጭቋቸውን መሬት አስቀምጠው ተነሡ። «የውሃ ተራው! የገበሬዎቹ ዝርዝር ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው እኮ! ጠፍቷል ብለን አልቅሰን የተውነው!» እልልታው አጥሩን አልፎ ሄደ።

በእልልታው መሀል የሰዓዳ ስልክ ጮኸ።

እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። እኔና አያ ሙሄ። አውጥታ አየችው። ዓይኗ ወደ ክፍላችን በር፣ ወደ ጀሪካኗ ሄደ። ስልኩ ይጮኻል። ጉርሻ ይዤ ነበር፤ የት እንደጣልሁት አላውቅም። ከመናኸሪያው የመኪና ጥሩምባ የሰማሁ መሰለኝ። ጮኼ እግሯን ልይዝ ነበር፤ ያቺ ጎረቤቴ ትዝ አለችኝና ምላሴን ነከስሁ።

ሰዓዳ ስልኩን አነሣችው።

«ሄሎ... አይ፣ አልመጣም።» ካቻቢቴዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «አልችልም። ሥራ ላይ ነኝ።»

ሥራ ላይ ነኝ! ይቺን ቃል ልጄ ስትናገር ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ራሷም የሰማችው ያን ዕለት ይመስለኛል፤ ስልኩን ዘግታ ቃሉን እንደ ከረሜላ በአፏ ውስጥ ያዘችው። አያ ሙሄ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲመለሱ «ቃሪያው ያቃጥላል» አሉ። ቃሪያ አልነበረም።

አቶ አበባው ጠጋ አሏት። «ሥራ ላይ ነኝ ስትዪ ሰማሁ። የት ነው የምትሠሪው?»

ሰዓዳ አፈረች። «እዚሁ... ጅጌው ላይ።»

«እንግዲህ ከኛም፣ ጎብዬና ዋጃ ካሉት ማኅበሮችም እንዲህ የተኛ ኮምፒውተር ሞልቷል። ለጊዜው ነው፣ ቋሚ ነው አልልሽም። ሰኞ ቢሮ ብትመጪ...» አሉና እንደ ቢሮ ሰው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ለመሆኑ የሥራ ልምድ አለሽ?» አሏት።

«አላት!» አሉ አያ ሙሄ በትራቸውን መሬት መትተው። «ከጠዋት ጀምሮ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አቶ አበባውም ሳቁ። «ይበቃል» አሉ።

ሰዉ ማጭዱን እያነሣ፣ እየመረቀን ሄደ። እቃ አጥባ ስትጨርስ ሰዓዳ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

«እማየ፣ የአባቴ ሰደቃ ሐሙስ ነው ያልሽው አስበሽ ነው?»

«ሐሙስ ምን አለው?» አልኋት።

ጀሪካኗን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከዚያ ወዲያ የተናገርነው ለቅሶ ነው፤ እሱም አጭር ነበር።

አሁን ልጄ የኮምፒውተር ወጌሻ ናት። አንድ ቀን ጎብዬ፣ አንድ ቀን ዋጃ ትሄዳለች፤ እነዚያ ሻይ አፍዪልን ያሏት ልጆችም የከበዳቸውን ይዘው ይመጡባታል፤ እኔ ነኝ ሻይ የማፈላላቸው፣ አንዳንዴ ስኳር እረሳለሁ። ሥራው ለጊዜው የተባለው እስካሁን ለጊዜው ነው። ግን ዝናብም የሚመጣው ለጊዜው ነው፤ ማሽላው ግን ይበቅልበታል። የሞተውን ፍሪጅ ባለቤቱ ሰጥቶኝ የሽንኩርት መደርደሪያ ሆኖልኛል። የጀሪካኗን ማንገቻ ፈታሁ፤ ክዳኗን በምስማር ወጋግቼ ቲማቲሜ እንዳይጠወልግ ውሃ እረጭባታለሁ።

እናት መፍራት አያልቅባትምና አሁን ደግሞ ባጃጁን እፈራለሁ፤ ሲመሽ በር በር አያለሁ። ይኸው አሁንም ይኼን ስጽፍ ጫማዋን አውልቃ ጧ አድርጋ ወረወረችው። «እማየ፣ ራት የለም እንዴ?» ትላለች።

ልጄ ቤቷ ገብታለች። እኔም ደህና ነኝ።